ስክሌራል ሌንስ ለታዘዘለት ሰው፦ ከልኬት እስከ ዕለታዊ አያያዝ

መነጽር ደጋግመው ቀይረው እይታቸው ያልጠራላቸው፣ ወይም በየሰዓቱ ጠብታ እየጨመሩ ማቃጠሉና መቆርቆሩ አልለቅ ያላቸው ሕሙማን አንድ ቀን ከዓይን ሐኪማቸው «ስክሌራል ሌንስ ይሞከርልዎት» የሚል ቃል ይሰሙ ይሆናል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለእነሱና ለሚያስታምሟቸው ቤተሰቦች ነው። የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ነገር ግን ሌንሱ በዓይን ላይ ምን እንደሚሠራ ተረድተው ወደ ልኬት እንዲቀርቡ፣ ከዚያም በየዕለቱ የሚፈጽሙትን እያንዳንዱን ተግባር ምክንያቱን እያወቁ እንዲፈጽሙት ያግዛል። ምክንያቱን ሳያውቅ ትእዛዝ ብቻ የተቀበለ ሰው በቸኮለ ወይም በሰለቸ ቀን አንዱን ደረጃ መዝለሉ አይቀርም፤ በዚህ ሌንስ ላይ ደግሞ ከሚዘለሉት ደረጃዎች አንዳንዶቹ ዓይንን ለከባድ ጉዳት የሚያጋልጡ ናቸው።

በሌንሱና በዓይን መካከል ያለው ውሃ

ስክሌራል ሌንስ ጠንካራ ከሆነ፣ ነገር ግን ኦክስጅን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ የሚሠራ ሰፊ ኮንታክት ሌንስ ነው። ስሙን ያገኘው ስክሌራ ከሚባለው ከነጩ የዓይን ክፍል ነው፤ ጠርዙ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። ኮርኒያ፣ ማለትም ከፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለው፣ ስለ ንቅለ ተከላ ሲወራ በተለምዶ «የዓይን ብሌን» የሚባለው ክፍል፣ የጎን ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የመሐል ውፍረቱም ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው። የተለመደው ትንሹ ጠንካራ ሌንስ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት በቀጥታ በዚህ ስስ አካል ላይ ይቀመጣል። ስክሌራል ሌንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ኮርኒያን ሳይነካ እንደ ጉልላት ይከልለውና ክብደቱን ሁሉ በነጩ ክፍል ላይ ያሳርፋል።

በጉልላቱና በኮርኒያው መካከል ከሩብ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይርቅ ክፍተት ይቀራል፤ ይህም ክፍተት ሌንሱ ከመደረጉ በፊት በንጹሕ የጨው ውሃ ይሞላል። የሚጠቅመውም፣ ጥንቃቄ ሲጎድል የሚጎዳውም ይኸው ውሃ ስለሆነ ስለ እሱ ጥቂት ማብራራት ተገቢ ነው።

ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ በብዛት የሚታጠፈው በኮርኒያ የፊት ገጽ ላይ ነው። ገጹ ጎርባጣ ከሆነ ጨረሩ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ አንዱ ፊደል ሁለትና ሦስት ጥላ ይጥላል፣ የማታ መብራትም እንደ ኮከብ ይፈነጣጠቃል። ይሁን እንጂ የኮርኒያና የእንባ ብርሃን የማጠፍ ኃይል እጅግ የተቀራረበ ነው፤ የኮርኒያው 1.376፣ የእንባው 1.336 ያህል ነው። ስለዚህ ጎርባጣው ገጽ በውሃ ሲሞላ አብዛኛው ጉድለቱ ብርሃኑን ማወክ ያቆማል፤ የሌንሱ ለስላሳ ገጽም አዲስ የዓይን ፊት ይሆናል። መነጽር ይህን ሊያደርግ የማይችለው ከዓይን ርቆ ስለሚቀመጥና ጎርባጣውን ገጽ ከአየር ጋር እንደተገናኘ ስለሚተወው ነው። ከዚህ ሌላ ውሃው ኮርኒያን ቀኑን ሙሉ አርሶ ይይዛል፤ ሌንሱም የዓይን ቆብ በተርገበገበ ቁጥር ከሚፈጠረው ፍትጊያ፣ ከነፋስና ከተጣመመ ሽፋሽፍት ይከልለዋል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛውን ነገር ነው፤ ይህ ውሃ የታገደ ውሃ ነው። በትንሹ ጠንካራ ሌንስ ስር ዓይን በተርገበገበ ቁጥር እንባ ይለዋወጣል፤ በስክሌራል ሌንስ ስር ግን ልውውጡ በጣም አነስተኛ ነው። ጠዋት ከሌንሱ ጋር የገባ ተሕዋስ፣ የሳሙና ቅሪት፣ ኬሚካል ወይም የአየር አረፋ ሌንሱ እስኪወልቅ ድረስ ኮርኒያን እየነካ ይውላል። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ጥንቃቄዎች ሁሉ ከሞላ ጎደል ከዚህ አንድ እውነት የሚመነጩ ናቸው።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 አዶልፍ ፊክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በነጩ የዓይን ክፍል ላይ የሚያርፍ የመስታወት ሌንስ መሥራቱን በጽሑፍ አሳወቀ፤ በዚያው ዓመት በፓሪስ ኡዤን ካልት ኬራቶኮነስ ለሚባለው፣ ኮርኒያን አሳስቶ እንደ ሾጣጣ ለሚያወጣው ሕመም ተጠቂዎች ተመሳሳይ ሙከራ አደረገ። መስታወት ኦክስጅን ስለማያሳልፍ ኮርኒያው በሰዓታት ውስጥ ይጉም ነበር፤ ስለዚህም ዘዴው ለመቶ ዓመት ገደማ በጥቂት ሕሙማን ተወስኖ ቆየ። መንገዱ የተከፈተው ኦክስጅን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሲገኝና አውስትራሊያዊው ዶን ኢዝኪኤል በ1983 ከዚሁ ፕላስቲክ የተሠሩ ስክሌራል ሌንሶችን ሲያስተዋውቅ ነው።

ለማን ይታዘዛል፣ ለማንስ አይሆንም?

በመጀመሪያ የሚጠቀሱት የኮርኒያቸው ቅርጽ የተዛባባቸው ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ኬራቶኮነስ ያለባቸው ይበዛሉ፤ ይህ ሕመም ኮርኒያ እየሳሳ ወደ ፊት እንደ ሾጣጣ እንዲወጣ የሚያደርግ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ወይም በወጣትነት ዕድሜ የሚጀምር ነው። መነጽር ለመተው ሲባል በሌዘር ከተደረገ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኮርኒያቸው የሳሳባቸው፣ በጉዳት ወይም በኢንፌክሽን ጠባሳ የቀረባቸው፣ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ተደርጎላቸው ስፌቱ ቅርጹን ያዛባባቸውም በዚሁ ይካተታሉ።

የኬራቶኮነስ ሕሙማን አንድ ነገር ለይተው ሊያውቁ ይገባል። ስክሌራል ሌንስ እይታን ያጠራል እንጂ የሕመሙን መባባስ አያቆምም። መባባሱን ለመግታት የሚሰጠው ሕክምና ክሮስሊንኪንግ ይባላል፤ ሪቦፍላቪን የተባለው ቫይታሚን በዓይን ላይ ተንጠባጥቦ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራበት የኮርኒያ ክሮች እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፣ ኮርኒያውም ይጠነክራል። ስለዚህ ሌንስ ከማሠራትዎ በፊት፣ በተለይ ሕመምተኛው ልጅ ወይም ወጣት ከሆነ፣ «ሕመሙ እየገፋ ነው ወይስ ቆሟል?» ብለው ይጠይቁ። በሌንሱ ጥሩ እያየ ኮርኒያው በስውር እየሳሳ የሚሄድ ልጅ መድረስ የሚቻልበት ጊዜ ያልፍበታል። ዓይንን ማሸትም ሕመሙን ስለሚያባብስ፣ የሚያሳክከው አለርጂ ካለ በጊዜው መታከም አለበት። በሌላ በኩል፣ ኮርኒያው ሳይደፈርስ ወይም ሳያብጥ ቅርጹ ብቻ ስለተዛባ «ንቅለ ተከላ ያስፈልግዎታል» የተባለ ሰው፣ በመጀመሪያ ስክሌራል ሌንስ ይሞከርልኝ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ንቅለ ተከላ ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከእሱም በኋላ ብዙዎች ጥርት አድርገው ለማየት ሌንስ ማስፈለጉ አይቀርላቸውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት እይታቸው ከመደብዘዙ ይልቅ ሥቃዩ የከፋባቸው፣ የዓይናቸው ገጽ የታመመ ሰዎች ናቸው። ሾግረን ሲንድረም እንባ የሚያመነጩ ዕጢዎችን ያደርቃል። ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም፣ ብዙውን ጊዜ ሰውነት ለመድኃኒት ከሚሰጠው የከፋ ምላሽ የሚነሣ ሆኖ፣ የቆብን ውስጠኛ ገጽ አቁስሎ ያጠባስሳል፤ ጠባሳውም ኮርኒያን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ከአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ በኋላ የለጋሹ ሕዋሳት የተቀባዩን አካል ሲያጠቁም ዓይን ክፉኛ ይደርቃል። የኬሚካል ቃጠሎ፣ በፊት ነርቭ ሽባነት የተነሣ ቆብ አለመከደን፣ የኮርኒያ ስሜት መጥፋትና አልድን ያለ የኮርኒያ ቁስል ከዚሁ ጋር ይቆጠራሉ። ለእነዚህ ሰዎች ሌንሱ ከማየት መርጃነቱ ይልቅ እርጥብ ፋሻ ነው ቢባል ይቀላል። የኮርኒያ ስሜታቸው የጠፋባቸው ሰዎች ግን ከሌሎቹ የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው፤ ጉዳት ሲደርስ ሕመም ስለማያስጠነቅቃቸው በየቀኑ ጠዋትና ማታ በመስታወት መቅላትንና ነጭ ነጥብን ራሳቸው መፈለግ ይኖርባቸዋል።

ከእነዚህ ሌላ በጣም ከፍተኛ የመነጽር ቁጥር ያላቸው፣ ወይም በቀዶ ሕክምና የተፈጥሮ ሌንሳቸው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ያልተተካላቸው ሰዎችም ይጠቀሙበታል።

በዓይኑ ላይ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ኢንፌክሽኑ እስኪድን ሌንሱን ማድረግ የለበትም። ለግላኮማ ሲባል የውሃ ማፍሰሻ ቱቦ የተተከለለት ወይም በነጩ ክፍል ላይ የማፍሰሻ እብጠት የተሠራለት ሰው የሌንሱ ጠርዝ በዚያ ላይ ሊጫን ስለሚችል ልዩ ልኬት ያስፈልገዋል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይከለከላል። ከኮርኒያ በስተኋላ ተደርድረው ውሃ እየመጠጡ ጥራቱን የሚጠብቁት ሕዋሳት የተመናመኑበት ሰው፣ ለምሳሌ ንቅለ ተከላው የቆየበት፣ በሌንሱ ስር ኮርኒያው ሊያብጥበት ስለሚችል ሕዋሳቱ አስቀድመው ቢቆጠሩለት ይመረጣል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ጣቶቹ የማይታዘዙት ሰው ግን ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ በሚገባ የሠለጠነ የቤተሰብ አባል ሊያደርግለትና ሊያወልቅለት ይችላል።

ወደ ልኬት ሲሄዱ

ይህ ሌንስ ከመደርደሪያ ተነሥቶ የሚሸጥ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ ይሠራል። ወደ ልኬት ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችና ጠብታዎች በሙሉ፣ የተደረጉልዎትን ቀዶ ሕክምናዎች፣ ካለም ያለፈውን የኮርኒያ ካርታ ይዘው ይቅረቡ። ትንሹን ጠንካራ ሌንስ የሚጠቀሙ ከሆነ ኮርኒያውን ስለሚያጣምመው ከስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለብዎት ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ።

በልኬቱ ቀን የኮርኒያዎ ቅርጽ በመሣሪያ ይነሣል፤ ከዚያ የሙከራ ሌንስ ፍሎረሲን በሚባል ብርቱካንማ ማቅለሚያ ውሃ ተሞልቶ ይደረግልዎታል። በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ ማቅለሚያው አረንጓዴ ሆኖ ስለሚያበራ፣ ሌንሱ ኮርኒያን የነካበት ቦታ እንደ ጥቁር ጥላ ይለያል። ሌንሱ ለስላሳ በሆነው የነጩ ክፍል ሽፋን ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚሰምጥ፣ ገና እንደገባ ጥሩ መስሎ የታየ ሌንስ ከሰዓታት በኋላ ኮርኒያን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀምጦ ደግሞ የሚያይ ባለሙያ ሥራውን የሚያውቅ ነው፤ መዘግየቱን አይቃወሙ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የጠርዙ አቀማመጥ ነው። ነጩ የዓይን ክፍል እንደ ኳስ በሁሉም በኩል እኩል አይደለም፤ በአፍንጫ በኩልና በጆሮ ግንድ በኩል ያለው ጎባጣነት ይለያያል። ጠርዙ በአንድ በኩል ከተጫነ የደም ሥሮቹ ነጥተው ይታያሉ፣ ሌንሱ ሲወልቅም የቀይ ቀለበት ምልክት ይተዋል፤ በሌላ በኩል ከተነሣ ደግሞ አረፋና ቆሻሻ ያስገባል፣ ቆብንም ይቆረቁራል። ይህን ለማስተካከል ሌንሱ ተመልሶ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጊዜ ሊሠራ ይችላል፤ ይህም የልኬቱ ተፈጥሮ እንጂ የባለሙያው ድክመት አይደለም። የመጨረሻው ሌንስ ሲሰጥዎት ስፋቱ፣ ጉብታው፣ ቁጥሩና የፕላስቲኩ ዓይነት የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቀው ይውሰዱ፤ ሌንሱ ቢሰበር ወይም ሌላ ባለሙያ ቢያይዎት ብዙ ድካም ያስቀርልዎታል።

አደራረግ

ከሁሉ አስቀድሞ እጅዎን ቅባትና ሽቶ በሌለው ሳሙና ይታጠቡ፣ በደንብ ያለቅልቁ፣ ክር በማይለቅ ፎጣ ወይም በወረቀት ያድርቁ። ማድረቁ ለይምሰል የሚደረግ አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ አካንታሚባ የተባለ ጥቃቅን ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል፣ እሱም ከሌንስ ስር ከገባ ለማዳን ወራት የሚፈጅና ብርሃን እስከማሳጣት የሚደርስ ቁስል ያስከትላል። የቧንቧ ውሃ፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃ፣ የፈላ ውሃ፣ ምራቅም ቢሆን ሌንሱንም ሆነ ሌንሱን ለማድረግና ለማውለቅ የሚያገለግለውን መምጠጫ ጎማ መንካት የለበትም። ሕጉ ያለ አንዳች ልዩነት የሚጸናው እዚህ ላይ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ፎጣ ያንጥፉ፤ ሌንሱ ቢወድቅ ፎጣው ያድነዋል። በፎጣው ላይ መስታወት ወደ ላይ እንዲያይ አድርገው በጀርባው ያስተኙ። ሌንሱን ከማስቀመጫው ያውጡና በጨው ውሃ አለቅልቀው በብርሃን ፊት ይመርምሩት፤ ስንጥቅ፣ የተሸረፈ ጠርዝ ወይም የተጣበቀ ቆሻሻ ካለ አይደረግም። የቀኝና የግራው ብዙውን ጊዜ በነጥብ፣ በመስመር ወይም በቀለም ይለያል፤ ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ ከባለሙያው አስቀድመው ይረዱ። ግራ መጋባት እንዳይመጣ ሁልጊዜ ከአንዱ ዓይን፣ ለምሳሌ ከቀኙ፣ መጀመር ይልመዱ።

ቀጥሎ ሌንሱን በትልቁ መምጠጫ ጎማ ላይ ጎድጓዳው ወደ ላይ ሆኖ ያስቀምጡት፤ ጎማ የማይመቻቸው ሰዎች በአውራ ጣት፣ በጠቋሚና በመሐል ጣት እንደ ጉልቻ ሊይዙት ይችላሉ። ሌንሱን በጨው ውሃ ሲሞሉ እስከ አፉ ብቻ ሳይሆን ከአፉ በላይ ጉብ እስኪል ድረስ ይሙሉት። ውሃው ከመከላከያ ኬሚካል ነጻ መሆን አለበት፤ ለዚህ የሚመረጠው ለአንድ ጊዜ በሚበቃ ትንሽ ብልቃጥ የሚታሸገው 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ነው። ውሃ እንዳይበላሽ የሚጨመሩ ኬሚካሎች ለአፍታ ቢነኩ ብዙም አይጎዱም፤ ታግደው ለ10 ሰዓት ኮርኒያን ሲዘፈዝፉ ግን ያቆስሉታል። የሌንስ ማጠቢያና መዘፍዘፊያ ፈሳሾችም ለመሙያ አያገለግሉም።

አሁን አገጭዎ ደረትዎን እስኪነካ ጎንበስ ይበሉ፤ ፊትዎ ከወለሉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሌንሱ ሊገባ ሲቃረብ ሳይታወቃቸው ቀና ይላሉ፣ ውሃው ይፈስሳል፣ በቦታው አየር ይገባል። በአንድ እጅ የላይኛውንና የታችኛውን ቆብ ከሽፋሽፍቱ ሥር ይዘው በሰፊው ይክፈቱ፤ ቆቡን በአጥንቱ ላይ ደገፍ አድርጎ መያዝ ዓይኑን ከመጫን ያድናል። በሌላኛው እጅ ሌንሱን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያምጡት። ጎማው መሐሉ ላይ ቀዳዳ ካለው ቀዳዳውን፣ ከሌለውም በመስታወቱ ላይ የሌንሱን መሐል ትኩር ብለው ይመልከቱ፤ ዓይን የሚያየው ቦታ ካለ አይሸሽም። ውሃው ዓይንዎን ሲነካ ቅዝቃዜ ይሰማዎታል፤ ብዙዎች የሚደነግጡትና የሚያፈገፍጉት በዚያች ቅጽበት ነውና እዚያው አይቁሙ፣ ሌንሱ በዙሪያው ዓይንን እስኪነካ በለሆሳስ ገፋ ያድርጉት። ከዚያ በመጀመሪያ የታችኛውን፣ ቀጥሎ የላይኛውን ቆብ ይልቀቁ፤ ጎማው ሌንሱን መጥጦ ይዞት ከሆነ ጎማውን ጨመቅ በማድረግ መምጠጡን አስለቅቀው ያላቅቁት።

ቀና ብለው አረፋ መኖሩን በመስታወት ያረጋግጡ። አረፋ ካለ ክብ ወይም ጨረቃ መሰል ጥላ ሆኖ ይታያል፣ እይታን ያደበዝዛል፣ ያረፈበትንም የኮርኒያ ክፍል ያደርቃል። «በኋላ ይጠፋል» ብሎ መተው አይገባም፤ ሌንሱ ወልቆ፣ ተለቅልቆ፣ እንደገና ተሞልቶ ይደረጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለአንድ ዓይን አምስትና ስድስት ጊዜ መሞከር የተለመደ ስለሆነ ለጠዋቱ በቂ ሰዓት ይመድቡ።

አወላለቅ

ለማውለቂያ የሚያገለግለው ትንሹ መምጠጫ ጎማ ነው። ከመጀመርዎ በፊት ሌንሱ በእርግጥ ዓይንዎ ላይ መሆኑን በመስታወት ያረጋግጡ። ጎማውን ሌንስ በሌለበት ኮርኒያ ላይ የለጠፈ ሰው ገጹን ሊልጠው ይችላል፤ ለንቅለ ተከላ ተቀባይ ደግሞ ይህ እጅግ አደገኛ ነው።

መጀመሪያ ከመከላከያ ኬሚካል ነጻ የሆነ ማለስለሻ ጠብታ ይጨምሩና ጥቂት ጊዜ ዓይንዎን ያርገብግቡ። ወደ ላይ እየተመለከቱ በጣትዎ የታችኛውን ቆብ በሌንሱ ጠርዝ አጠገብ ጫን ጫን ያድርጉ፤ ይህ ጠርዙን ከፍቶ ትንሽ አየር ያስገባል፣ መምጠጡንም ያላላል። ከዚያ በጨው ውሃ የረጠበውን ጎማ በሌንሱ መሐል ሳይሆን ከጠርዙ አጠገብ ይለጥፉት። መሐሉን ይዞ መሳብ ሌንሱን ከዓይን ጋር እንደ ቡሽ ያስጨንቃል፤ ጠርዙን ይዞ ወደ ውጭና ወደ ላይ ማዘንበል ግን አየር አስገብቶ በቀላሉ ያነሣዋል። ሌንሱ አልላቀቅ ካለ አይታገሉት፤ ተጨማሪ ጠብታ ይጨምሩ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያርፉና በሌላኛው ጠርዝ በኩል ይሞክሩ። መጠባበቂያ ጎማ በቦርሳ፣ በሥራ ቦታና በቤት ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ ጎማው ጠፍቶበት ሌንሱን ማውለቅ ያቃተው ሰው ጭንቀቱ ቀላል አይደለም።

ማጽዳትና ማሳደር

የወለቀ ሌንስ ወዲያውኑ ለጠንካራ ሌንስ በተዘጋጀ ማጽጃ በመዳፍ ላይ በሁለቱም ገጾቹ ቀስ ተብሎ ይታሻል፤ በሁለት ጣት መሐል አጥፎ መጭመቅ ይሰብረዋል። በጨው ውሃ ከተለቀለቀ በኋላ ተሕዋስ በሚገድል ፈሳሽ ያድራል። የጨው ውሃ ተሕዋስ አይገድልምና ሌንስ በእሱ ብቻ አያድርም። ብዙ ባለሙያዎች የሚመርጡት 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድን ነው፤ ይህ ፈሳሽ ከራሱ ልዩ ማስቀመጫ ጋር የሚሸጥ ሲሆን በማስቀመጫው ያለው ማርከሻ በ6 ሰዓት ገደማ ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለውጠዋል። ገና ወደ ውሃ ያልተለወጠ ፐሮክሳይድ ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ጊዜውን ማሳጠር፣ በተለመደ ማስቀመጫ መጠቀም ወይም ሌንሱን በእሱ አለቅልቆ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። የሌንስዎ ገጽ ልዩ ቅባት የተቀባ ከሆነ አልኮል ወይም የሚፍቅ ብናኝ ያለው ማጽጃ ይልጠዋል፤ ምን መጠቀም እንዳለብዎት ከሠራልዎት ባለሙያ ይጠይቁ። ትናንት የተጠቀሙበት ፈሳሽ ላይ አዲስ መጨመር የለም፤ ይደፋል። የተለመደው ማስቀመጫ በየሦስት ወሩ ይለወጣል፤ መምጠጫ ጎማዎቹም በየቀኑ ታጥበውና ደርቀው ይቀመጣሉ።

ቀን ላይ የሚያጋጥም ጭጋግ

ሌንሱን ካደረጉ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እይታ መደብዘዙ ብዙዎችን የሚያጋጥም ችግር ነው። ምክንያቱ ግን ሁለት ዓይነት ስለሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በታገደው ውሃ ውስጥ የስብና የፕሮቲን ብናኝ መጠራቀሙ ነው። እይታው ወተት በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ የማየት ያህል ይሆናል፤ ሌንሱ ወልቆ፣ ተለቅልቆ፣ አዲስ ውሃ ተሞልቶ ሲደረግ ወዲያው ይጠራል። ይህ የሚያሰለች እንጂ የሚያስፈራ አይደለም። የቆብ ጠርዝ ብግነትን ወይም አለርጂን ማከም፣ የሌንሱን ጠርዝ ማስተካከልና የውሃውን ጥልቀት መቀነስ ብዙ ጊዜ ይረዳሉ። የላይኛው ገጽ ብቻ ከቆሸሸ ደግሞ ሳያወልቁ በጨው ውሃ በረጠበ ጎማ መጥረግ ይበቃ ይሆናል።

ሁለተኛው የኮርኒያው ራሱ ማበጥ ነው፤ ፊክ በመስታወት ሌንሱ ያየው ጭጋግም ይኸው ነው። ምልክቱ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና መሰል ቀለበት መታየቱና ሌንሱ ታጥቦ ቢመለስም፣ ቢወልቅም እንኳ ድብዛዜው ለተወሰነ ጊዜ አለመልቀቁ ነው። ይህ ኮርኒያው በቂ ኦክስጅን አለማግኘቱን ወይም የኋላ ሕዋሳቱ መዳከማቸውን ያመለክታል። ሌንሱን አውልቀው በቶሎ ለሐኪም ያሳውቁ፤ «ስለለመድኩት» ብሎ መቀጠል በተለይ የተተከለ ኮርኒያ ላላቸው አይበጅም።

ሌንሱ የሚደረግበት ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጥቂት ሰዓታት ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይረዝማል፤ የለመደ ዓይን ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፣ መሐል ላይ አንድ ጊዜ አውልቆ ውሃውን መለወጥ ግን ለብዙዎች ይጠቅማል። ሌንሱን አድርጎ መተኛት ክልክል ነው። ለማይድን የኮርኒያ ቁስል ሐኪም ሌሊትም እንዲቆይ የሚያዝበት ጊዜ አለ፤ ይህ ግን በየቀኑ ክትትልና በመድኃኒት ጥበቃ የሚደረግ በመሆኑ ማንም በራሱ ፈቃድ አይሞክረው። ዋና መዋኘትም ሌንሱ ሳይወልቅ አይደረግም። መድኃኒትነት ያለው ጠብታ ካለዎት ሌንሱ ከመደረጉ 15 ደቂቃ ያህል በፊት ወይም ከወለቀ በኋላ ያድርጉት፤ በሌንሱ ውሃ ውስጥ መድኃኒት መጨመር በሐኪም ትእዛዝ ካልሆነ አይፈቀድም።

ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ሌንሱ ከወለቀ በኋላም የማይለቅ ሕመም፣ እየባሰ የሚሄድ መቅላት፣ ብርሃን መፍራት፣ መግል መሰል ፈሳሽ፣ በድንገት የቀነሰ እይታ ወይም በኮርኒያ ላይ የታየ ነጭ ነጥብ የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። የዚያኑ ዕለት መታየት ያስፈልጋል፤ በኮርኒያ ላይ የገባ ባክቴሪያ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የማይጠፋ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ሌንሱን አውልቀው ከነማስቀመጫው ይዘው ይሂዱ፤ ተሕዋሱ ከዚያ ተወስዶ ሊመረመር ይችላልና አይጠቡት። ቤት ውስጥ የቀረ የቆየ ጠብታ፣ በተለይም ስቴሮይድ ያለበት፣ ከምርመራ በፊት አይጨምሩ። ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች ደግሞ ቀላል መቅላትና ድብዛዜ እንኳ ሰውነታቸው የተተከለውን ኮርኒያ መቃወም መጀመሩን ሊያመለክት ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።

ምንም ቅሬታ ባይኖርም ክትትሉ አይቋረጥም። ሌንሱ ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ፣ ከዚያ በየጥቂት ወራቱ መታየት የተለመደ ነው። ለክትትል ሲሄዱ ሌንሱን ቢያንስ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት አስቀድመው አድርገው ይሂዱ፤ ባለሙያው ማየት ያለበት ገና የገባ ሌንስ ሳይሆን ተደላድሎ የሰመጠውን ነው። ማስቀመጫውን፣ መምጠጫ ጎማዎቹንና የሚጠቀሙባቸውን ፈሳሾች ሁሉ ይዘው ይቅረቡ፤ ቤት እንደሚያደርጉት አድርገው ያሳዩ። ብዙ ስሕተት የሚገኘው በጠርሙሱ ላይ ባለው ጽሑፍና በእጅ አሠራር ላይ ነው።